ስምንተኛው ማሳሰቢያ

ቀለበቱ የጠፋው ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ከሩብ ነው። ለመጥፋት የፈጀበት አራት ደቂቃ ብቻ ነበር።

የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ እጇን ልትታጠብ ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገባች። ቀለበቷን አወለቀች። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ነጭ ሰሃን ውስጥ ጣል አደረገችው። ታጠበች፣ እጇን አደረቀች፣ ስብሰባ ረፍዶባት ስለነበር ፈጠን ብላ ወጣች። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ጣቷን አየች። ባዶ። እየሮጠች ተመለሰች።

ቀለበቱ የለም። ሰሃኗም የለችም። ያለችው ጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ናት፤ ጨርቅ ይዛ መስታወቱን ትወለውላለች።

"ቀለበቴስ?"

"የምን ቀለበት?"

"ሌባ!" ብላ ጮኸች ኃላፊዋ። ከዚህ በኋላ ማንም ማንንም አልሰማም። የጥበቃው አለቃ ደረሰ። ጽዳት ሠራተኛዋን ኮሪደሩ መሀል አቆማት። ከየቢሮው ብቅ ብቅ ያለው ሰው ሁሉ እያየ ሴት ፈታሿ ኪሷን ገለበጠች፤ ሽርጧን አስፈታች፤ ጫማዋን አስወለቀች። ባልዲዋ ወለሉ ላይ ተደፋ። የተገኘው አንድ የቤት ቁልፍ፣ አንድ መሀረብና ከነልባሱ ያለ አንድ ከረሜላ ነው። የጥበቃውን አለቃ ግን አንዴ ሌባ ካለ ባዶ ኪስ አያሳምነውም። ሴትዮዋን ጥበቃ ክፍል አስቀምጦ ፖሊስ ጠራ።

የመጣችው ሳጅን ደልደል ያለች፣ የማትቸኩል ጎልማሳ ሴት ነበረች። በጣቢያው "ከሥሩ" ይሏታል። አንድ ቀን ለአለቃዋ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብላ ተርታ ስሙ እዚያው ተለጠፈባት። አልከፋትም። ጣቢያው ውስጥ ከዚህ የባሰ ቅጽል የወጣላቸው አሉ።

በር ላይ የጎብኚ ካርድ አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። ፋብሪካው የዓይን ጠብታ ይሠራል፤ እንዲህ ባለ ቤት ሁሉም ነገር ቁጥር አለው። ጠርሙሱ፣ በሩ፣ ባልዲው፣ መጥረጊያው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሁሉ ግርጌው ላይ ቁጥርና የሚታደስበት ቀን ይጻፍበታል። ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደ ቆሻሻ ይቆጠራል፤ ጽዳት ሠራተኛ ካየችው የማንሳት ግዴታ አለባት።

ኃላፊዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አጠገቧ አንዲት ቀጭን ወጣት ውሃ በብርጭቆ ይዛ ቆማለች።

"አይዞሽ እትዬ፣ ይገኛል" ትላታለች።

"የባለቤቴ ልጅ ናት" አለች ኃላፊዋ ለሳጅኗ። "እዚሁ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። እሷ ባትኖር ወድቄ ነበር።"

ሳጅኗ ራሷን ነቀነቀች። "በሉ ቦታውን ያሳዩኝ።"

መጸዳጃ ቤቱ ንጹህ ነው። ሦስት በር፣ ሁለት መታጠቢያ፣ አንድ ረጅም መስታወት። ግድግዳው ላይ በላስቲክ የተለበጡ ማሳሰቢያዎች ተደርድረዋል። "ከተጠቀሙ በኋላ ውሃ ይልቀቁ።" "ሶፍት በቅርጫት እንጂ በመቀመጫው ውስጥ አይጣልም።" "በጫማ መቀመጫው ላይ መውጣት ክልክል ነው።" "ከእርስዎ በኋላ የሚገባውን ሰው ያስቡ።" ሰባት ናቸው። በአንዳንዶቹ ሥር ደግሞ በእጅ የተጻፈ ቢጫ ብጣሽ ወረቀት አለ። ብሩሹ አጠገብ ያለው "አይናከስም፤ ደፍረው ይያዙት" ይላል። ሌላው "ውሃው የሚለቀው ቁልፉን ሲጫኑት ነው፤ በምኞት አይለቅም" ይላል። ሳጅኗ ፈገግ አለች፤ ሥራ ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት ፈገግታዋን ሰበሰበች።

"ለምን አወለቁት?" አለቻት።

"ማሳሰቢያው አውልቁ ስለሚል ነዋ።"

"የትኛው ማሳሰቢያ?"

ኃላፊዋ በጣቷ ወደ መስታወቱ ግራ አመለከተች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ግድግዳው ባዶ ነው።

"እዚህ ነበረ! 'እጅ ከመታጠብዎ በፊት ቀለበትና ሰዓት አውልቀው ሰሃኑ ላይ ያስቀምጡ' ይላል። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ነበር።"

የጥበቃው አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱ ማሳሰቢያ ታች ነው ያለው፣ ምርት ክፍል መግቢያ ላይ። እዚህ እንዲለጠፍ የታዘዘ ነገር የለም። ተደናግጠው ተምታቶብዎት ነው።"

ሳጅኗ የፎቁን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቀች። አንዷ ነበር አለች። ሁለተኛዋ አልነበረም አለች። ሦስተኛዋ "እኔ ማሳሰቢያ አንብቤ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው የሚመስለኝ" አለች። ሰው የግድግዳ ማሳሰቢያን የሚሰማው እንደ አማት ምክር ነው። እሺ ይላል፣ ቃሉን ግን አይዝም።

የጥበቃው አለቃ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "አንድ ነገር አለ። ከላቦራቶሪ አንዷ ልጅ በዚያው ሰዓት እጇን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከታ ከዚህ ስትሮጥ ታይታለች። ምናልባት ሁለቱ ተመሳጥረው ይሆናል።"

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ተጠራች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"በአራት ሰዓት ከሩብ የት ነበርሽ?"

"ሽንት ቤት።"

"ለምን ሮጥሽ?"

"ሥራ ነበረኝ።"

"ኪስሽ ውስጥ ምን ነበር?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ምን ያሸሽገዋል?"

ልጅቷ የጥበቃውን አለቃ አየችው። ሳጅኗ ገባትና "አንተ ቆይ ውጭ" አለችው። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ከኪሷ ጥራዝ አወጣች። ቢጫ ብጣሽ ወረቀት ነው። ላይኛው ላይ "ቀለበትዎን ካወለቁ ባልዎን አይርሱ" የሚል ተጽፏል።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ የሚጽፈውን ሰው ካገኘሁ አባርራለሁ ብሏል። እባክዎ አይናገሩብኝ።"

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ሳጅኗ ባዶ እጇን አልተነሳችም። "ይሄን የት ልትለጥፊው ነበር?"

"ስለ ቀለበት በሚናገረው ማሳሰቢያ ሥር። ግን ስወጣ ማሳሰቢያው የለም።"

"ስትገቢስ?"

"ስገባማ ነበረ! አይቼው ነው የጻፍኩት። መጨረሻው በር ውስጥ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ሳለ አንድ ሰው ገባ፣ ታጠበ፣ ወጣ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሰው ገባ። ውሃ አልከፈተም። ፕላስተር ሲላጥ ሰማሁ፣ ጠርርር ሲል። ከዚያ ወጣ። እኔም ብቅ ስል ግድግዳው ባዶ ነው። የባልዲዋ ጎማ ከሩቅ ሲንቋቋ ስሰማ ጽዳቷ መጣች ብዬ ሮጥኩ። ብጣሾቼን የምታነሳብኝ እሷ ናት።"

"ባልዲው የመጣው ሁለተኛው ሰው ከወጣ በኋላ ነው?"

"በኋላ ነው። እምላለሁ።"

ጽዳት ሠራተኛዋ ጥበቃ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በፋብሪካው "እትዬ ጥራት" ነው የምትባለው። ጥራት ቁጥጥር የሚባል ትልቅ ክፍል እያለ እውነተኛው ጥራት ቁጥጥር እሷ ናት ብለው ሠራተኞቹ ያወጡላት ስም ነው። ዛሬ በዚያ ስም የጠራት የለም። ጫማዋን አላጠለቀችም፤ አጠገቧ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። የስንብት ደብዳቤዋን ጽሕፈት ክፍል እየተየበ እንደሆነ አንዱ ጥበቃ ቀድሞ ነግሯታል። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ቀለበቱ ካልተገኘ ደብዳቤው ይሰጣታል፤ እሷም ወደ ጣቢያ ትሄዳለች።

ሳጅኗ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። "ጫማዎን ለምን አያደርጉም?"

"ያስወለቀኝ ሰው አድርጊ አላለኝም።"

"ስንት ዓመት ሠሩ?"

"አሥራ ሁለት። ጠዋት ጠዋት የዚህ ሕንፃ ቁልፍ ሁሉ ለእኔ ነው የሚሰጠው። ልጄም እዚሁ ማሸጊያ ክፍል ናት።" ወደ ጫማዋ ተመለከተች። "ጩኸቱን ሰምታ ወጥታ አየችኝ። በባዶ እግሬ ቆሜ።"

ሳጅኗ ደብተሯን ገልጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

"መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ስንት ማሳሰቢያ አለ?"

"ስምንት ነበረ። አሁን ሰባት።"

"እንዴት እርግጠኛ ሆኑ?"

"ልጄ፣ የምወለውላቸው እኔ ነኝ! ያጸዳሁትን ሁሉ በቁጥሩ ነው የምጽፈው። የሌለ አልጽፍም፤ ያለ አልዘልም። ወረቀቱ በሩ ጀርባ ላይ ነው።"

ወረቀቱ በሩ ጀርባ ላይ አልነበረም። የጥበቃው አለቃ በአራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ እዚያ እንደነበረች ይመሰክርባታል ብሎ ማስረጃ አድርጎ ይዞታል። ሳጅኗ ተቀብላ ዘረጋችው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ስምንት ስምንት ቁጥር። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይም ስምንት። ሐሙስ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ሰባት። የጎደለው ቁጥር አንድ ነው፦ አርባ ሰባት።

"ሌላም ልንገርሽ" አለች እትዬ ጥራት። "ማክሰኞ አንዷ ሰዓቷን ሰሃኗ ላይ ረስታ ሄደች። ረቡዕ ደግሞ ሌላዋ ቀለበቷን። ሁለቱንም እንግዳ መቀበያ አስረክቤ አስፈርሜያለሁ። ሌባ ብሆን ሐሙስን ምን አስጠበቀኝ?"

ሳጅኗ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አሰበች። ያ ወረቀት ቁጥር ነበረው። ስለዚህ ማንም አልጠረጠረውም፤ ጽዳቷም አላነሳችውም። የለጠፈው ሰው የቤቱን ደንብ የሚያውቅ ነው። ሰሃኗን አስቀምጦ ሦስት ቀን ጠበቀ። ሰዓት ሲረሳ አልነካም፤ ሌላ ቀለበት ሲረሳም አልነካም። ሌባ ደግሞ ያገኘውን ይወስዳል እንጂ አያማርጥም። ይህ ሰው የፈለገው ወርቅ ሳይሆን ያንን አንድ ቀለበት ነው።

ወደ ኃላፊዋ ተመለሰች።

"ቀለበቱን ማን ሰጠዎት?"

"ባለቤቴ። ስንጋባ።"

"በልክዎ ነው ያሠራው?"

"ኧረ ጠቦኝ ነበር። አስሰፋሁት።" ኃላፊዋ ዓይኗን ጠረገች። "አዲስ አይደለም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ጎኑ ላይም ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለው።"

"ከባለቤትዎ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ?"

"የልጅቷ እናት ስትሞት። የሥራ ባልደረባ ስለሆነች ላጽናናት ቤታቸው እሄድ ነበር።"

ሳጅኗ አመሰገነቻትና ወጣች። መዝገብ ቤቱ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ያለው በር ነው።

ቀጭኗ ወጣት ከጠረጴዛዋ ኋላ ተነሳች። ክፍሉ ውስጥ የተዛነፈ ነገር የለም። መዝገቦቹ በቁመታቸው፣ እስክሪብቶዎቹ በቀለማቸው ተሰልፈዋል። ጠረጴዛው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ሰሃን አግራፍ ተሞልታ ተቀምጣለች።

"ማሳሰቢያዎች ቁጥር የሚያገኙት ከዚህ ነው?"

"አዎ። እኔ ነኝ የምሰጠው።"

"አርባ ሰባት የትኛው ነው?"

ልጅቷ መዝገቡን አልከፈተችም። "አርባ ሰባት የለም።"

"እስቲ እንየው።"

መዝገቡ ተከፈተ። አርባ ስድስት ባለፈው ወር። ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። ከዚያ አርባ ስምንት፤ ማክሰኞ ለደረጃው የወጣ ማሳሰቢያ፣ "መያዣውን ይዘው ይውረዱ"።

"ባዶው ምንድነው?"

"ተሳስቼ ዘልዬው ነው።"

"እዚህ መዝገብ ላይ ስህተት ሲሠራ ምን ይደረጋል?"

"በቀይ ተሰርዞ ይፈረምበታል።"

"ይሄ አልተሰረዘም።"

ልጅቷ መዝገቡን ከደነችው።

"ከውጭ ያለ ሰው ያንን ወረቀት ቢሠራ ያገኘውን ቁጥር ይጽፍበት ነበር" አለች ሳጅኗ። "አንቺም ማክሰኞ ለደረጃው ማሳሰቢያ አርባ ሰባትን ሰጥተሽ ዝም ማለት ትችይ ነበር። ማንም አያመሳክርም። ለምን አልሰጠሽም?"

"ሁለት ወረቀት አንድ ቁጥር ሊይዝ አይችልማ!" አለች ልጅቷ።

ከአፏ ካመለጣት በኋላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረፍዷል። ሳጅኗ ወደ ሰሃኗ ተመለከተች።

"ሰሃኗንም ወደ ቦታዋ መለስሻት።"

"የኔ ናት" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "የአግራፍ ናት።"

መሳቢያውን ከፈተች። ከማኅተም ቀለሙ ቆርቆሮ ሥር ቀለበቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"የእናቴ ነው። ጎኑ ላይ ያለው ጎድጓዳ የበር መዝጊያ ቆንጥጦት ነው። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አባቴን ቀለበቱስ ብለው አብሯት ተቀብሯል አለኝ። ከዓመት በኋላ እትዬ ጣት ላይ አየሁት።"

"ምን አልሻት?"

"እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ። ከዚያ በየቀኑ ሠላሳ ጊዜ አየዋለሁ። ደብዳቤ ስታስፈርመኝ፣ ምሳ ስንበላ፣ ትከሻዬን ስትነካኝ።"

"አባትሽን አትጠይቂውም ነበር?"

"አንዴ የዋሸኝ ሰው ሁለተኛ እንዲዋሸኝ ነው?"

"እትዬን ራሷንስ?"

"እሷ ምንም አታውቅም። ብነግራት ቀለበቱን ሰጥታኝ ብቻ አታበቃም፤ ቤቱን ነው ለአባቴ ጥላለት የምትሄደው። እንዲያ እንዲሆን አልፈለግሁም። የፈለግሁት ቀለበቱን ብቻ ነው።"

ሳጅኗ አመነቻት። አንጀቷንም በላቻት። የራሷን እናት የቀበረችው ባለፈው ዓመት ነው። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷታል።

"እትዬ ጥራትን በባዶ እግሯ ሲያቆሟት የት ነበርሽ?"

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች። "እዚህ በር ላይ።"

"ቀለበቱስ?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"ታዲያ?"

"ምንም ስለማያገኙባት ይለቋታል ብዬ ነው።"

የፋብሪካው ነገር ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ኃላፊዋ ታሪኩን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ተነስታ ቀለበቱን በልጅቷ መዳፍ ውስጥ አድርጋ ጣቶቿን አጠፈችላት። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ያለቀሱት ከልባቸው ነው፤ ቆሞ ያየው የጥበቃው አለቃ እንኳን ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ክሴን አንስቻለሁ" አለች ኃላፊዋ። "የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከአባቷ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ።"

ሳጅኗም ደብተሯን ዘጋች። ደስ ብሏት ነበር፤ እንዲህ በእርቅ የሚያልቅ ጉዳይ በወር አንድ አይገጥማትም። የጥበቃው አለቃ እትዬ ጥራት ወደ ቆመችበት በር ዞረ።

"በይ እንግዲህ፣ ተገላገልሽ። ሂጂ ሥራሽን ቀጥይ።"

እትዬ ጥራት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አሁንም በባዶ እግሯ ናት። ጫማዋን በእጇ ይዛዋለች።

"ሳጅን" አለች። "ክስ የሚጻፍለት ቀለበት ለጠፋበት ሰው ብቻ ነው?"

ሳጅኗ የዘጋችውን ደብተር አየች። ጆሮዋ ድረስ ሲሞቃት ተሰማት። አፍራ ነበር። ቀለበቱ ሲገኝ እሷም ጉዳዩ አለቀ ብላ ነበር።

"አይደለም" አለች። "ለማንኛውም ሰው ይጻፋል።"

"እንግዲያው ጻፊልኝ።"

ኃላፊዋ ደነገጠች። "እትዬ ጥራት፣ በስህተት ነው እኮ። ይቅርታ እንጠይቅሻለን። ስንብቱም ተቀዷል።"

ልጅቷ እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። እትዬ ጥራት በክንዷ ይዛ አቆመቻት።

"ይቅርታሽን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። የእናትሽም ነገር አሳዝኖኛል። ግን የኔም ልጅ እናት አላት።"

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ሳጅኗ ደብተሯን ከፍታ አዲስ ገጽ ገለጠች። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች። "በማን ላይ ነው?" አለች።

"ሌባ ባለችኝ ላይ። ኮሪደር ላይ አቁሞ ባስፈተሸኝ ላይ። ቀለበቱን ኪሷ ይዛ በቆመችው ላይ። ሦስቱም ላይ ጻፊ። ከመጀመርሽ በፊት ግን ልጄን ከማሸጊያ ክፍል አስጠሪልኝ። ሲያዋርዱኝ አይታለች፤ ስከሳቸውም ትየኝ።"

ሳጅኗ ቀና ብላ የጥበቃውን አለቃ አየችው።

"ሂድና ይዘሃት ና" አለችው።